ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው

የሲስተር አስካለን ሞት ያነበብኩት ገቢ መዝገብ ላይ ከመዘገብኩት በኋላ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እጁ ከዓይኑ ይቀድማል። በዚያ ሰሞን በምንኖርበት በሁሩሙ ኔትወርክ ስላልነበረ ማንም ሊደውልልኝ አልቻለም፤ ፖስታውን የመቱ ሚኒባስ ሾፌር ነው ቢሮ ድረስ ያመጣልኝ። ቀን ጻፍኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ «ከማን» የሚለውን ለመሙላት ስከፍተው ከእህቷ ልጅ ከማርታ ነው። አክስቷ ማረፏን፣ ቀብሩም ትውልድ አገሯ ኖፓ መፈጸሙን ጽፋለች። ለእኔ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፖስታ እንዳለና ራሴ መጥቼ እንድወስደውም ጨምራለች። «ጉዳዩ» በሚለው ዓምድ «ሐዘን» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እስክሪብቶዬን ከድኜ ቁጭ አልኩ። እስክሪብቶ መክደን ከእሷ የተማርኩት ነው።

በሕይወት ሳለች አንቱ ነበር የምላት። እዚህ «እሷ» የምላት አንቱ ብዬ ስጽፍ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እየሆነብኝ ስለተቸገርኩ ነው።

ሲስተር አስካለ መቱ ውስጥ ከገበያው ማዶ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ትንሽ ዝቅ ብሎ በሚገኝ ባለ ሦስት ክፍል ክሊኒክ ውስጥ ልጅ አልወለድ ያላቸውን ሴቶች የምታይ ነርስ ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያስቋት የማትስቅ። ከጎሬም፣ ከያዮም፣ ከገጠሩም ሴቶች እየመጡ በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ይደረደራሉ። ብዙዎቹ ያለቅሳሉ። ሲስተር ለቅሶ አትከለክልም፤ ግን አንድ ቅርጫት ፋሻ ታመጣና መሐላቸው ታስቀምጣለች። «ማልቀስ ይቻላል፣ እየጠቀለላችሁ» ትላለች። መቱ ውስጥ እንደዚያ ክሊኒክ በሥርዓት የተጠቀለለ ፋሻ ያለበት ቤት አልነበረም ይባላል።

ሌላው ሕጓ «ሁለት ሰው፣ አንድ ካርድ» የሚል ነበር። ሴት ብቻዋን ከመጣች ካርድ አታወጣላትም። ካርዱ ላይ የባልም የሚስትም ስም እኩል በአንድ መስመር ይጻፋል። ባል ካልመጣ የመስመሩ ግማሽ ክፍት ሊቀር ነው፤ ግማሽ መስመር ደግሞ እሷ አትመረምርም።

ሚስቴ ጫልቱ ወደዚህ ክሊኒክ የሄደችው በተጋባን በስድስተኛው ዓመት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴ ጸበል ወስዳታለች፣ ሥር አጠጥታታለች፣ ስለት ተስላላታለች። እኔን የትም የወሰደኝ የለም። እንዲህ ያለው ነገር የሴት ጉዳይ ነው፤ ባል የሚጠየቀው ታግሷል ወይስ አልታገሠም ተብሎ ነው። እኔ ታጋሽ የሚባል ስም ወጥቶልኝ ነበር።

ጫልቱ «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ተብላ ስትመለስ ግራ ገባኝ። ቢሮ ውስጥ ሥራ ተደራርቧል፣ ደግሞ ከነዚያ ሁሉ ሴቶች ጋር አግዳሚ ላይ ልቀመጥ ነው? እንደ ሙያዬ ያለውን መፍትሔ ፈለግኩ። ውክልና ጻፍኩላት። ቃሉን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «እኔ ስሜ ከታች የተጠቀሰው፣ በሥራ መደራረብ ምክንያት በአካል መቅረብ ስላልቻልኩ፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ጫልቱ በመውለድ ጉዳይ እኔን ሙሉ በሙሉ ወክላ እንድትመረመርልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ፈረምኩ፣ ከታች «ግልባጭ፣ ለፋይል» አልኩበት። ለእኔ ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም።

በሳምንቱ መልስ መጣ። ቁጥርና ቀን አለው። «የላኩት ውክልና ደርሶናል። ይሁን እንጂ እንዲመረመር የተጠየቀው ንብረት በባለቤቱ እጅ የሚገኝና የማይተላለፍ ስለሆነ ውክልናውን ለመቀበል እንቸገራለን። ራስዎ እንዲቀርቡ። ከመቅረብዎ በፊት ሦስት ቀን ዕረፍት ይውሰዱ፤ ከምን እንደሆነ ባለቤትዎ ያስረዱዎታል።» ከታች ስሟ ያለበት ቲተር ተመትቶበታል። ቲተሩ እንደ ማኅተም ክብ ባይሆንም እኔ ያንን ደብዳቤ ሳነብ ቆሜ ነበር።

ሄድኩ። ከሴቶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ ፋሻም ጠቀለልኩ። ሲስተር ስሜን ስትጠራ ውክልናዬን ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። «አጻጻፍዎ ጥሩ ነው» አለችኝ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሰጥታኝ በሩን አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም።

የእኔ ውጤት ደህና ነበር። የኔ ትልቁ ጥፋት ከዚህ ይጀምራል። ደስ ስላለኝ በዚያው ቀን ለእናቴ ነገርኳት። የጫልቱ ደም አዲስ አበባ ተልኮ መልሱ ገና አልመጣም፤ እናቴ ግን የምትጠብቀው መልስ አልነበረም። «ልጄ ደህና ከሆነ ሌላ ምን ይጣራል?» አለችና በማግስቱ ወንድሟን ጋሼ ዘውዴን አስጠርታ ሽማግሌ እንዲሰበሰብ አዘዘች። ነገሩ አጭር ነው፤ ጫልቱ ወደ ወላጆቿ ትመለስ፣ ፈቃዱ ሌላ ያግባ። ፈቃዱ እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ «እናንተ እንዳላችሁ» አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጫልቱ አልተከራከረችኝም። የአዲስ አበባው ውጤት በመጣ ቀን መቱ ሄዳ ካርዱን ለሲስተር መለሰችላት። በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ ያለችው ይህን ብቻ ነው።

«ሲስተር፣ የኔን ስም ይሰርዙልኝ። የእሱን ይተዉት፤ ሌላ ስም ይጻፍበታል።»

ሲስተር ካርዱን አየችው። ውጤቱንም አየችው፤ የጫልቱም ደህና ነው። «ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚቀመጡት?» አለች።

«ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን።»

«ገበያ አለኝ» አለች ሲስተር።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት እናቴ ግቢ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ብርዝ ቀርቦላቸዋል። ዋናው ኦቦ ዲሪባ ነበሩ፤ በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ረጅም ዘመን ዳኛ ሆነው የሠሩ፣ ላም እህል በላች የሚል ክስ እንኳ መዝገብ ሳይከፍቱ የማያዩ ሰው። ሲስተር አንድ ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥላ ገባች። በእርግጥም ገበያ ነበራት። ሽንኩርቱን እግሯ ሥር አስቀምጣ በቀረበላት በርጩማ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ የልጁ ደህና ነው ተብሏል» አሉ ኦቦ ዲሪባ። «እንግዲህ ጥፋቱ የልጅቷ ነው ማለት ነው?»

ሲስተር እስክሪብቶዋን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ክዳኑ ላልቶ ነበርና ጠበቅ አድርጋ ከደነችው። ክሊኒክ ውስጥም እንዲህ ካደረገች የምትጽፈው ነገር የለም ማለት ነው።

«አላውቅም» አለች።

«ካላወቅሽ ለምን መጣሽ?» አሉ ጋሼ ዘውዴ።

«አለማወቄን ላስረዳ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አቶ ፈቃዱ፣ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራል?»

«ምንም» አልኩ። በዚያ ስብሰባ ላይ መልሱን ያወቅኩት ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር። «ተቀብሎ ለሚመለከተው ክፍል የሚመራው ከሌለ ደብዳቤ ወረቀት ነው።»

«ሆርሞንም እንደዚያ ነው» አለች ለሽማግሌዎቹ። «በሴት ሰውነት ውስጥ በየወሩ ሁለት ዋና ዋና ደብዳቤዎች ይጻፋሉ። አንዱ ኤስትሮጅን፣ ሌላው ፕሮጄስትሮን ይባላል። በደም ይላካሉ፣ በየቤቱ ያልፋሉ። የሚከፍታቸው ግን ተቀባይ ያለው ቤት ብቻ ነው። ተቀባዩ ፕሮቲን ነው። ደብዳቤውን ሲይዝ መልኩ ይለወጣል፣ ከዚያ እንደራሱ ያለ ጓደኛ ይፈልጋል። ብቻውን አይሠራም። ሁለት ሆነው መዝገብ ቤት፣ ፋይሉ ላይ ይቀመጣሉ። ፋይሉ ጂን ይባላል። ማህፀኑን አዘጋጅ፣ ግድግዳውን አወፍር የሚለው ትእዛዝ ያለው እዚያ ነው።»

«ሁለት ሆነው ነው ያልሽው?» አሉ ኦቦ ዲሪባ።

«ሁለት ሆነው። እኔም ባልና ሚስት ካልመጡ አላይም የምለው ከእነሱ አይቼ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ደግሞ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሌላ ሥራ አለው» ሲስተር ቀጠለች። «የሁለተኛውን ተቀባይ የሚቀጥረው እሱ ነው። የመጀመሪያው ፋይል በደንብ ካልተከፈተ፣ ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው አያገኝም። ፅንስ ደርሶ ቢያንኳኳ እንኳ አልጋው አልተነጠፈም። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሴትየዋ እንጀራ እየበላች ነው፣ ገበያ እየሄደች ነው፤ ምንም አታውቅም፣ ምንም አላጠፋችም።»

ብርዙ ላይ ዝንብ አረፈ።

«ታዲያ ጥፋተኛው ተቀባዩ ነዋ» አሉ ጋሼ ዘውዴ።

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

«ፕሮቲን ነው ያልሽው፣ ሥጋ ውስጥ ያለው?»

«እሱም ዘመዱ ነው።»

«የማን ነው ግን ፕሮቲኑ? የእሷ ነው?»

«ተቀባይ የሌለው ሰው የለም። እሷም አላት፣ ፈቃዱም የራሱ አለው፣ ጋሼ እርስዎም አለዎት።»

ጋሼ ዘውዴ ጋቢያቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው ጉልበታቸውን ሸፈኑ።

«አዲስ አበባ ደሟን ልከሽ አልነበረም? እነሱ ምን አሉ?» ኦቦ ዲሪባ ጠየቁ።

«እነሱ የቆጠሩት ደብዳቤውን ነው። ደብዳቤው ሙሉ ነው፣ አልጎደለም። ተቀባዩን የቆጠረ የለም፤ እዚህ የምንቆጥርበት መሣሪያ የለንም። ቢቆጠርም መልስ ላይሆን ይችላል። የሁለቱም ደህና ነው፣ ልጅ የለም፣ ምክንያቱን አላውቅም። ካርዱ ላይ የምጽፈው ይህንኑ ነው።»

እናቴ ልትናገር ስትል ኦቦ ዲሪባ እጃቸውን አነሱ።

«ተከሳሹ አልታወቀም» አሉ። «አልቀረበም። መጥሪያ አልደረሰውም። የማን ወገን እንደሆነም አልተጣራም። እኔ በዳኝነት ዘመኔ ፍየል እንኳ ሳትቀርብ ፈርጄባት አላውቅም። ሲስተር መልሱን እስክታመጣ ነገሩ ተቀጥሯል። እስከዚያ ልጅቷ ከቤቷ አትነሳም፤ እግድ ነው። ቶሌ?»

ቶሌ ማለት እሺ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ «ቶሌ» አሉ። ጋሼ ዘውዴም ትንሽ ዘግይተው «ቶሌ» አሉ።

«እስከ መቼ ነው የተቀጠረው?» አለች እናቴ።

«መልሱ እስኪመጣ።»

ሲስተር ሽንኩርቷን አንስታ ወጣች። እኔ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። ማመስገን ፈልጌ ነበር፣ ግን እሷን ማመስገን ከባድ ነው፤ ፊቷ ቦታ አይሰጥም። «እንዴት አላውቅም ለማለት ደፈሩ?» አልኳት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ነበር።

«እኔ ጎሬ አግብቼ ነበር» አለችኝ። «ባገባሁ በአራተኛው ዓመት መለሱኝ። እኔን ሲመልሱኝ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። አማቴ ያውቃሉ፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ባሌም ያውቃል። የማያውቅ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ እዚያው እኖር ነበር።» ሚኒባሱ ሞላ። «ካርዳችሁን ለጫልቱ መልስላት፣ እኔ ጋ ረስታዋለች» አለችና ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንተ ነው ያለችኝ።

ከጫልቱ ጋር ልጅ አልወለድንም። ይህን አሁኑኑ የምናገረው አንባቢ መጨረሻው ላይ ሕፃን እንዳይጠብቅ ነው። ሲስተር ያላትን ሁሉ ሞክራለች፣ ወደ አዲስ አበባም ልካናለች፣ አልሆነም። የሆነው ሌላ ነገር ነው። በዓመቱ መስከረም ላይ እናቴ ቀጠሮውን ልታስታውስ ስትነሳ ከመቱ ደብዳቤ መጣ። ላይኛው ግማሽ በአፋን ኦሮሞ ለኦቦ ዲሪባ፣ ታችኛው ግማሽ በአማርኛ ለእናቴ የተጻፈ ነው፤ እናቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማረች ስለሆነ ፊደል እየቆጠረች ታነባለች። «የተጠየቀው ፕሮቲን እስካሁን አልተገኘም። ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው። በትዕግሥት እንዲጠብቁ እናሳስባለን።» ስም፣ ፊርማ፣ ቲተር።

ኦቦ ዲሪባ በእርካታ አነበቡት። «ሥራ ማለት ይሄ ነው» አሉ።

በሚቀጥለውም መስከረም መጣ። በሚቀጥለውም። አሥራ አምስት ዓመት አንድም ጊዜ አላለፈም። መንገድ ሲዘጋ በእግረኛ መጥቷል፤ ሲስተር ጡረታ ወጥታ እንኳ መጥቷል። እናቴ ደብዳቤዎቹን በሣጥኗ ከመዝሙረ ዳዊቷ ጋር ታስቀምጣለች። በመካከሉ ጋሼ ዘውዴ ሞቱ፣ ኦቦ ዲሪባም ሞቱ። እናቴ ዳሌዋን ተሰብራ እኛ ቤት ገባች። አጥቦ የሚያለብሳት፣ ደግፎ ደጅ የሚያወጣት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የሚሰጣት ሌላ ሰው የለም፤ ጫልቱ ናት። እናቴ ጫልቱን «ኢንተላ ኮ» ማለት ጀምራለች፤ ልጄ ማለት ነው፣ በራሷ በጫልቱ ቋንቋ። ክሱን ግን አላነሳችም። እናቴ ክስ አታነሳም። ክስ ማንሳት ተሳስቼ ነበር ማለት ነው፣ እሷ ደግሞ ከንስሐ አባቷ በቀር እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ኖፓ ለለቅሶ የሄድነው ከጫልቱ ጋር ነው። እናቴ መሄድ ስለማትችል ቤት ተቀምጣ አለቀሰች። ማርታ ፖስታውን ሰጠችን። ውስጡ ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ ቢጫ ቅጠል የመሰለው ውክልናዬ ነበር፤ ጠርዙ ላይ «አጻጻፉ ጥሩ» የሚል በእሷ እጅ ተጽፎበታል። ከሥሩ ሰባት የታሸጉ ደብዳቤዎች አሉ። የሚከፈቱበት ዓመት በየፖስታው ላይ ተጽፏል። የመጀመሪያው የመጪው መስከረም ነው፤ እሷ የሞተችው ሰኔ ላይ ነው።

«እንደማትድን ሐኪሞቹ ከነገሯት በኋላ ተቀምጣ ጻፈቻቸው» አለች ማርታ። «ለምን ሰባት አልኳት። ካርዳችሁ ላይ የነበረውን ዕድሜ አስታውሳ ነው፤ በመጨረሻው ዓመት እትዬ ጫልቱ ሃምሳ ይሞላቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቅም አለችኝ።»

ጫልቱ የመጨረሻውን እዚያው ለቅሶው ቤት ከፈተችው። እንዳትከፍት ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ቀኑ አልደረሰም። እንዲህ ይላል፤ «የማጣሪያው ጊዜ ስላበቃ መዝገቡ ምክንያቱ ሳይታወቅ ተዘግቷል። ጥፋተኛ አልተገኘም። ባልና ሚስቱ እንደነበሩ ይቀጥሉ።» ጫልቱ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ከለቅሶው ቤት አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠ የፋሻ ቅርጫት አየችና ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሳታለቅስ ቆይታ ነበር። እዚያ እየጠቀለለች አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ጠቀለልኩ፣ አለቀስኩም።

መስከረም ሲጠባ የዘንድሮውን ለእናቴ ወሰድኩላት። እንደ ሁልጊዜው አልጋዋ ላይ ተደግፋ መነጽሯን አደረገች፣ ቀኑን አየች፣ ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች እስከ ቲተሩ ድረስ አነበበች። ከዚያ ወደ ቀኑ ተመለሰች። ጫልቱ ከኋላዋ ትራሷን እያስተካከለች ነበር።

«ሲስተር በሰኔ ሞታ የለ?» አለች።

ውሸት መጻፍ እችላለሁ፣ መናገር ግን አልለመድኩም። «ሞታለች» አልኩ።

እናቴ ደብዳቤውን ጭኗ ላይ አኖረች። እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ትራሱን የያዘውን የጫልቱን እጅ ፈልጋ ያዘችው።

«ሌላም አለ?»

«ስድስት አለ እማዬ። በየዓመቱ አንድ።»

በጣቷ ቆጠረች። ዕድሜዋን ይሁን ደብዳቤውን አላውቅም። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ሣጥኑ ውስጥ እንዳስቀምጥላት ሰጠችኝ።

«ለኔ ይበቁኛል» አለች።